የዘርአ ዳዊት ቮልስ

በ1976 በልግ አልዘነበም። ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፤ ቶሎም ወጣ። በጥቅምት 1977 ውርጭ መጥቶ የቀረውን ገብስና ባቄላ በአንድ ሌሊት አጠቆረው። ከጫጫ ገበያ የሚመጣው እህል መጀመሪያ ተወደደ፤ ቀጥሎ ጠፋ። በግ በቆዳው ዋጋ ተሸጠ። ከቆላ የወጡ ሰዎች በደብረ ብርሃን ገበያ ዳር ተቀመጡ። ተነሥተው የሄዱ አሉ፤ እዚያው የቀሩም አሉ።

እኔ ፎቶ አንሺ ነበርኩ። በእንዲያ ያለ ጊዜ ፎቶ የሚነሣ የለም። ሚስቴ ባፈና ሦስተኛ ልጃችንን ታጠባ ነበር፤ ወተቷ ደረቀ። መጀመሪያ ሰዓቴን ሸጥኩ። ቀጥሎ ሬዲዮኑን፣ ቀጥሎ ከአንዱ በቀር ብርድ ልብሶቹን። ካሜራውን ለመሸጥ ሞከርኩ፤ ገዢ አጣሁ። በየካቲት አንድ ሌላ ነገር ሸጥኩ። ልጆቹ ዳኑ።

የሸጥኩት ግን የእኔ አልነበረም።

ሥራውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ የአንድ አርመን ፎቶ ቤት ወለል እየጠረግሁ ነው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። በ1963 የሳጥን ካሜራ ይዤ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። ሦስት እግር ያለው፣ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ፣ ጭንቅላት አስገብተው የሚያዩበት ዓይነት ነው። ከመንገዱ ዳር ግቢ ይዤ በሩ ላይ ስሜን ጻፍኩ፦ ወልደጻድቅ ፎቶ ቤት።

ሰው ያን ጊዜ ከመኪና ጋር መነሣት ይፈልግ ነበር። መኪና ግን በከተማው ጥቂት ነው፤ ባለቤቶቹም ሰው ሲደገፍባቸው አይወዱም። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በሚሥል አንድ መሪጌታ፣ ከተነሺው ኋላ በሚሰቀል አቡጀዲ ላይ መኪና አሣልኩ። መሪጌታው መኪናውን ከጎን አድርጎ አራቱንም ጎማ አሳየ። መብራቶቹን እንደ መላእክት ዓይን አተለቃቸው። ሹፌሩን ሊሥል ሲል ነው ያስቆምኩት።

አንድ ቀን ዘርአ ዳዊት መጣ። የአንኮበር ቄስ ልጅ ነው፤ የመንገድ ሥራ መካኒክ። አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ሰማያዊ ቮልሱን ሸጦለት ነበር። አቡጀዲው ፊት ቆሞ ብዙ አየ።

«ወልዴ፣ ይህ መኪና ነው ወይስ ኪሩብ?»

«ሰው ወዶታል።»

«ሰው ምን ያድርግ፣ ሌላ መቼ አየ። ቅዳሜ የእኔን አመጣልሃለሁ።»

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ቮልሱን ግቢዬ ውስጥ አቆመው። እስከ እኩለ ቀን ሰልፉ ከበሩ ውጭ ወጣ። ሰዎቹ መሪውን የያዙት እንደ ዕርፍ ነው፤ ወደ ታች እየተጫኑ። አንድ ሽማግሌ በቅሎዬ ካልገባች አልነሣም አሉ፤ በቅሎዋን ከመብራቱ አጠገብ አቆምናት። አንድ ዲያቆን ወደ ካሜራው እንዲያይ ብለምነው እምቢ አለ። «የሚነዳ ሰው መንገዱን ነው የሚያይ» አለኝ።

ዘርአ ዳዊት ድርሻ አልጠየቀም። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ሚስቱን በየዓመቱ በመስከረም ከመኪናው ጋር እንዳነሣለት። ወለተሐና ትባላለች፤ አንኮበር ነው የምትኖረው። በ1968 አነሣኋት፤ በ1969 አነሣኋት።

በነሐሴ 1969 ዘርአ ዳዊት ለምሥራቁ ጦር ግንባር ተጠራ። የጭነት መኪና የሚጠግን ሰው ይፈለግ ነበር። ወለተሐና ነፍሰ ጡር ናት። በሚሄድበት ቀን ጠዋት ቮልሱን ግቢዬ አስገብቶ ቁልፉን በእጄ አደረገ።

«የአንኮበር መንገድ በክረምት አያስገባውም። እስክመለስ አደራ።»

«አደራ» አልኩት።

አልተመለሰም። የመሞቱ ወረቀት የመጣው በ1971 ነው። ወለተሐና ጥቁር ለብሳ፣ ሴት ልጅ አዝላ ወደ ግቢዬ መጣች። ልጅቱ እናትነሽ ትባላለች። ወለተሐና ቮልሱን አንድ ጊዜ ዞረችው፤ ጣሪያውን በመዳፏ ነካች።

«ጋሽ ወልደጻድቅ፣ እዚሁ ይቆይልኝ። እኔ ዘንድ ማን ያየዋል። ልጄ ስታድግ ትነዳዋለች።»

ሴት መኪና ስትነዳ እስከዚያ ቀን አላየሁም ነበር። ቢሆንም «አደራ» አልኳት። እንዲህ አንዱን አደራ ሁለት ጊዜ ተቀበልኩ።

የካቲት 1977 ላይ አቶ ገብረአብ የሚባል የአንኮበር ባለ ወፍጮ መጣ። ሳይቀመጥ ተናገረ።

«የእርዳታ ስንዴ ገብቶልናል። ሰው ጥሬውን እየቆረጠመ ሆዱን ታመመ። የወፍጮዬ ሞተር ተቃጥሏል። ያንተ ቮልስ ሞተር እንዳለው ሰምቻለሁ። ሦስት ኩንታል ገብስ እሰጥሃለሁ።»

«የእኔ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«የሞተ ሰው ነው።»

«እንግዲያው ሕያዋን ይፈጩበት» አለ።

ባፈና በር ላይ ቆማ ነበር፤ ልጁን ታቅፋለች። ልጁ ማልቀስ ከተወ ሁለት ቀን ሆኖታል።  እሷን ሳላይ «ውሰደው» አልኩ።

ሁለት ሰዎች ሞተሩን ከጠዋት እስከ ቀትር ፈቱት፤ በጭነት መኪና ጫኑት። አቶ ገብረአብ ሊሄድ ሲል ከመሪው ኋላ ገብቶ ተቀመጠ። «ሆዱን ከወሰድኩለት አይቀር አንድ ጊዜ አንሣኝ» አለ። አነሣሁት። ፊልሙን አጠብኩት፤ ወረቀት ላይ ግን አላተምኩትም። ማየት አልፈለግሁም።

የቮልስ ሞተር ያለው ከኋላ ነው። ሞተሩ ሲወጣ የመኪናው ኋላ እንደ ዶሮ ጅራት ሽቅብ ተነሣ፤ የኋላ ጎማዎቹም ከሥር ወደ ውስጥ ገቡ። መኪና የሚያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ቢያየው ይነቃል። የሞተሩ ቦታ ከሥር ክፍት ስለሆነ ድንጋይ አይዝም። ስለዚህ ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ባለው ጎድጓዳ ድንጋይ ሞላሁበት፤ ላዩን የሱፍ ባና አለበስኩት። መኪናው ወረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኋላውን ወደ ግንቡ አስጠግቼ ከፊት ብቻ አነሣ ጀመር።

ጊዜው ሲሻል ሰው ተመለሰ። ወታደር፣ ሙሽራ፣ ተመራቂ፣ ከአረብ አገር የመጣች ልጅ፣ ሁሉም በዚያ ቮልስ ተነሡ። አንድ ሙሽራ «ከኋላም አንድ አንሣን እንጂ» ቢለኝ «የመኪና ፊቱ አንድ ነው» አልኩት። ሰው ሳቀ። እኔ ልሳቅ ብል አልመጣልኝም።

በየመስከረሙ ለአንኮበር ሰው ቃል እልክ ነበር። «ለወለተሐና መኪናው ደህና ነው በሏት» እላለሁ። እሷም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ትልካለች። ሌላ ቃል የለም። ራሷ አትመጣም። እኔም የምትነሣው ፎቶ እንዳለ እያወቅሁ ነይ አልላትም።

በ1986 አንዲት ልጅ ብቻዋን ግቢው ገባች። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። የአባቷ ግንባር ነበራት፤ ስሟን ሳልጠይቅ አወቅኋት። ከመሪው ኋላ ተቀመጠች። እግሯ ፔዳሉ ላይ ደረሰ።

«ቁልፉን አንድ ጊዜ ላዙረው?»

«ባትሪው ሞቷል።»

«ባትሪ ብገዛለትስ?»

«የዚህ ዓይነት ባትሪ አሁን አይገኝም።»

አየችኝ። ከዚያ «እሺ ጋሼ» ብላ ወረደች። ፎቶ ላንሣሽ ብላት «ሲነሣ እመጣለሁ» አለች። ሄደች። ያ ቀን ከሸጥኩበት ቀን የከፋ ነበር። በ1977 የራበው ልጅ ነበረኝ። በ1986 ግን ልጆቼ ጠግበው ያድሩ ነበር፤ የዋሸሁት ለራሴ ነው።

ዓመቱ ሄደ። ከተማው መኪና ሞላ፤ ባጃጅ በሬን ዘጋ። ስልክ ሁሉ ካሜራ ሆነ። አሁን ጎረምሳው የማያውቀው ሰው መኪና ላይ ተደግፎ ራሱን በራሱ ያነሣል፤ ባለቤቱ ሲመጣ ይሮጣል። ፎቶ የማጥብበት ጨለማ ክፍል ውስጥ እህል አስቀመጥኩ። ቮልሱ ግን ከግንቡ ጋር እንደተጣበቀ ቆየ።

ባለፈው የካቲት ወረቀት መጣልኝ። መንገዱ ሊሰፋ ነው። በሁለት ወር ውስጥ የግቢው ግንብ ይነሣል ይላል። ለባፈና አነበብኩላት። እሷ ባቄላ ትለቅም ነበር፤ እጇ ቆመ።

«አርባ ዓመት ከፊቱ አነሣኸው» አለች። «አሁን አገር ከኋላው ሊያየው ነው።»

«ለቆራሌ ሰጥቼ ልገላገል?»

«ምኑን ትሰጣለህ? የሰው ነው።»

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

«ያንን ገብስ እኔም በልቻለሁ» አለች። «ሦስቱ ልጆችህም በልተዋል። ሂድና ሞተሩን ፈልግ። ካጣኸው እንኳ ፈልገህ እጣው። እኔና አንተ ሳንሞት፣ እሷም ሳትሞት።»

ጨለማ ክፍሉን ጠረግሁ። ፊልሞቼ በየዓመታቸው በብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጠዋል። የአቶ ገብረአብን አገኘሁት። ከድሮ የተረፈኝ ጥቂት ወረቀት ነበር፤ የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒቱን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። በሦስተኛው ወረቀት ወጣልኝ። ከመሪው ኋላ ተቀምጦ፣ አገጩን ወደ ላይ አድርጎ፣ ከንፈሩን ገጥሞ። ማንም ከኋላው ምን እንደጎደለ አያውቅም። ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ የመኪናውን ሊብሬ በኪሴ ይዤ፣ በሚኒባስ አንኮበር ሄድኩ።

አቶ ገብረአብ ከሞተ ቆይቷል። ወፍጮውን የያዘው ልጁ ኃይለ ገብርኤል ነው፤ የስልሳ ዓመት ሰው። ወፍጮው አሁን በመብራት ነው የሚሠራው። የመጣሁበትን ነገርኩት።

«የቮልስ ሞተር?» አለ። «አባባ በናፍጣ እስኪቀይረው ሰባት ዓመት ፈጭቶበታል። አለ እንጂ የት ይሄዳል። ግን ተከራይ አለበት።»

ዶሮ ቤቱን ከፈተ። ሞተሩ ጥግ ላይ ነበር፣ ገለባ ተነስንሶበት። አንዲት ቀይ ዶሮ ታቅፋበታለች። እጄን ስዘረጋ ነከሰችኝ።

«አልኩዎ እኮ» አለ ኃይለ ገብርኤል።

ጎንበስ ብዬ ቆሻሻውን በጥፍሬ ፋቅሁ። ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያየሁ። አንድ ነው። ገለባው ላይ ተቀመጥኩ።

«ስንት ትላለህ?» አልኩት።

«ለዶሮ ማደሪያ ምን ዋጋ አለው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አባባ መኪና ይዤ ፎቶ ተነሥቻለሁ ይል ነበር። ፎቶውን አላየንም። እስኪሞት ስንስቅበት ኖርን። እውነት ነው?»

ጋዜጣውን ፈታሁለት። ብርሃን ወዳለበት ይዞት ወጣ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

«ሲነዳ ነው» አለ።

«አልነዳም። ተቀምጦ ነው።»

«ለእኛ ያው ነው» አለ። ዶሮዋን ከነእንቁላሏ አንሥቶ ወደ ቅርጫት አዛወራት። በደንብ ሰደበችው።

ሞተሩን ደብረ ብርሃን፣ ቃለ አብ የሚባል ባለ ጋራዥ ዘንድ ወሰድኩት፤ ጸጉሩ የሸበተ፣ ምላሱ ስለታም ሰው ነው። ሞተሩን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ሲፈታው ከየማቀዝቀዣ ክንፉ ሥር እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነጭ ነገር ወጣ።

«ጋሼ፣ ይህ ሞተር ቤንዚን ነው ዱቄት ሲጠጣ የኖረው?»

«ሁለቱንም።»

«ውኃ ብንጨምርበት ቂጣ ይወጣዋል።»

ካርቡራተሩ ጠፍቷል። ፒስተኖቹ ከቤታቸው ተጣብቀዋል። ቃለ አብ ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላለሰ፤ ከሞተ ቮልስ ለዚህ እየነቀለ አመጣ። እኔ በየቀኑ ሄጄ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ሥራውን አላውቅም፤ ማየት ግን አውቃለሁ። ሁዳዴው አለቀ፤ ፋሲካ አለፈ። ግንቡ ሊፈርስ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ሞተሩን ግቢዬ አምጥቶ ወደ ቦታው መለሰው። ከሥር ወጥቶ እጁን እየጠረገ ራቅ ብሎ አየ። ግንባሩን ቋጠረ።

«ይህ መኪና ለምን ቁጢጥ አለ?»

እውነትም ኋላው መሬት ሊነካ ደርሷል። ቃለ አብ እንደገና ከሥር ገባ፤ ወጣ፤ በሩን ከፍቶ ኋላውን በረበረ። ባናውን ገለጠ። አንዱን ድንጋይ አንሥቶ በእጁ መዘነው።

«ጋሼ፣ ምን ጭነው ነው? ቤት ሊሠሩ ነው?»

ድንጋዩን ረስቼው ነበር። አርባ ዓመት በየሳምንቱ ባናውን እያራገፍኩ መልሼ ሳለብስ ኖሬ፣ ማውጣት እንዳለብኝ ረሳሁ። አንድ በአንድ አውጥቼ ከግንቡ ሥር ደረደርኳቸው። መኪናው እየተነፈሰ እንደሚነሣ ሰው ቀስ እያለ ቀና አለ።

ቃለ አብ አዲስ ባትሪ አሠረ። ቁልፉን ወደ እኔ ዘረጋ።

«እርስዎ ያስነሡት።»

«አልችልም።»

«ማዞር ነው እኮ።»

«መንዳት አልችልም። መኪና ውስጥ ቁልፍ አዙሬ አላውቅም።»

በግቢው የሚያውቁኝ ሰዎች ነበሩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። በዚያ መሪ ኋላ ስንት ሺህ ሰው እንዳስቀመጥኩ ያውቃሉ።

ቃለ አብ ራሱ አዞረው። መጀመሪያ አሳለው። በሁለተኛው ጢስ ተፋ። በሦስተኛው ያዘ። ባፈና ከጓዳ ወጥታ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ያ ወፍራም፣ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ የሚቆራረጥ ድምፅ ነው። ከ1969 ወዲህ አልሰማሁትም።

በማግሥቱ ጠዋት ቃለ አብ መሪውን ያዘ፤ እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ። የሳጥን ካሜራውን ከፊት፣ ዕቃ ከሚገባበት፣ በዚያው ባና ጠቅልዬ አስገባሁት። ለምን እንደያዝኩት ለራሴም አልተናገርኩም።

ከቆላው በኩል ጭጋግ ወጥቶ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ቃለ አብ መብራት አበራ። የሚያልፉን ሚኒባሶች ጥሩምባ ይነፉልናል፤ ሰው በመስኮት ወጥቶ በስልኩ ያነሣናል። እኔ ለወለተሐና የምላትን ቃል እደረድር ነበር። አንዱም አልያዝልኝ አለ።

የወለተሐና ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው። ከመጨረሻው ጥምዝ ስንወጣ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ማንም መምጣታችንን አልነገራትም። ነጠላዋ አንድ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሮጣ እንደወጣች ሰው። ከኋላዋ ልጇ እናትነሽ አለች። እናትነሽ አሁን የወረዳው አምቡላንስ ሹፌር ናት፤ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። የሥራ ልብሷን ለብሳለች፤ ክንዶቿን አጣምራለች።

ቃለ አብ ሞተሩን ሊያጠፋ ሲል ወለተሐና እጇን አነሣች።

«ተወው» አለች። «ትንሽ ይጩህ።»

ቆምን። ዶሮዎቹ ከግቢው ሸሹ። ወለተሐና ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። በመጨረሻ ራሷን ነቀነቀች፤ ቃለ አብ አጠፋው።

እናትነሽ ቀረበች።

«ጋሼ፣ ባትሪው ተነሣ?» አለችኝ።

«ባትሪው አልነበረም» አልኩ። «ሞተር አልነበረውም። በ1977 ለወፍጮ ሸጥኩት። በሦስት ኩንታል ገብስ። ለእናትሽ ደህና ነው እያልኩ አርባ ዓመት ላክሁ። አንቺን ዓይንሽን እያየሁ ዋሸሁሽ። የመጣሁት ይህን ልናገር ነው። መኪናው እነሆ። ቁልፉ እነሆ።»

እናትነሽ ፊቷ ጠቆረ። አፏን ከፈተች። እናቷ ቀደመቻት።

«አውቃለሁ» አለች ወለተሐና።

«ማን ነገረሽ?»

«እሱ ራሱ።» በአገጯ ወደ መኪናው አመለከተች። «የእርዳታውን ስንዴ ላስፈጭ ገብረአብ ወፍጮ ሄድኩ። ከወንዙ ማዶ ስደርስ ሰማሁት። ሁለት ዓመት በጎኑ ተቀምጬ ሄጃለሁ፤ ድምፁ ይጠፋኛል? ስልቻዬን ጥዬ ቁጭ አልኩ። ዘርአ ዳዊት የመጣ መሰለኝ። ገብቼ ሳይ ሞተሩ ነው፤ ወፍጮ ይዞራል። ሰው ተሰልፏል። ልጆች ዱቄቱን ከመሬት ይልሳሉ።»

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች።

«ተናድጄ ነበር» አለች። «ተራዬ ሲደርስ ተፈጨልኝ። ለልጄ ገንፎ አገነፋሁ። በላች። ከዚያ በኋላ ማንን ልናደድ? ዘርአ ዳዊት ቢኖር ራሱ በእጁ ይፈታው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልላክሽብኝም?»

«አደራ ሰጪው አይጠይቅም፤ ተቀባዩ ነው የሚመልስ።»

እናትነሽ ወደ እናቷ ዞረች።

«ቆይ። እዚህ አጠገባችን ወፍጮ እያለ አንድ ሰዓት ሙሉ እህል አሸክመሽ ገብረአብ ወፍጮ የምታመላልሺኝ ለዚህ ነበር?»

«ዱቄቱ ይልም ነበር።»

«አይልምም ነበር እማዬ። አሸዋ ነበረው።»

«እንግዲያው ለዚህ ነበር።»

«እና በአሥራ ስድስት ዓመቴ ሂጂና መኪናውን እይ ብለሽ ስትልኪኝ ሞተር እንደሌለው ታውቂ ነበር?»

«መልሶት ይሆን ብዬ ነው» አለች ወለተሐና።

ይህን ስትል ወደ እኔ አላየችም። መሬት መሬት አየሁ። የተነገረኝ ነገር ሁሉ ከዚህ ቃል ቀለለ።

እናትነሽ ክንዶቿን ፈታች። ከዚያ መኪናውን እንደ ሹፌር ዞረችው፤ ጎማውን በእግሯ መታች፤ ከኋላ ቁጢጥ ብላ መገጣጠሚያውን አየች።

«ማን ነው የገጠመው?»

«እኔ ነኝ» አለ ቃለ አብ።

«ዘይት ያንጠባጥባል።»

«የአምሳ ዓመት ቮልስ ካላንጠባጠበ ዘይት የለውም ማለት ነው።»

ልትስቅ ፈልጋ ተወችው። እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። ቁልፉን መዳፏ ላይ አደረግሁ። ቀለበቱ ዘርአ ዳዊት ያሰረበት የቆዳ ማተብ ነው፤ አልቀየርኩትም ነበር። ቁልፉን ጨበጠች።

ቆሎና በሶ ቀረበልን። በላን። ወለተሐና ከበርጩማዋ ተነሣች።

«ጋሽ ወልደጻድቅ፣ ገና አልጨረሱም» አለች። «በየዓመቱ በመስከረም ሊያነሡኝ ነበር። የመጨረሻው የ1969 ነው። ቆጥሬዋለሁ። አርባ ስምንት ፎቶ አለብዎት።»

«አውቃለሁ። ይህ ግን ሚያዝያ ነው።»

«በሰባ ዓመት ላይ መስከረምን የሚጠብቅ ማን ነው?»

ካሜራውን አወጣሁ። ሦስቱን እግር ተከልኩ። እንደ ልማዴ ወደ መኪናው ፊት ዞርኩ።

«ከፊት አይደለም» አለች። «ከፊት በቤቴ ሁለት አለኝ። ከኋላ ያንሡኝ። ክዳኑ ይከፈት፤ ሞተሩ ይታይ።»

ካሜራውን ተሸክሜ ዞርኩ። ከዚያ ወገን ቆሜ አላውቅም ነበር፤ መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ አንዱን እግር በድንጋይ ደገፍኩ። ቃለ አብ ክዳኑን ከፈተ። ወለተሐና ከሞተሩ በስተቀኝ ቆመች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ እጇን ክዳኑ ላይ አሳረፈች። እናትነሽ ከመሪው ኋላ ገባች፤ አንገቷን በመስኮት አውጥታ ወደ ኋላ አየች።

«እናትነሽ፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መንገዱ እዪ» አልኳት።

«የሚነዳ ሰው በመስታወት ወደ ኋላም ያያል ጋሼ» አለች። ሆኖም ዞረች።

ጥቁሩን ጨርቅ ራሴ ላይ ጣልኩ። በመስታወቱ ላይ ሁሉም ተገልብጦ ታየኝ፦ ሞተሩ፣ ወለተሐና፣ ከላይ ወደ ታች የቆመ ተራራ። ጎማዎቹ ቀጥ ብለዋል። ፊልም ስለሌለኝ ከተረፈኝ ወረቀት አስገባሁ፤ የካሜራውን ክዳን አንሥቼ እስከ አራት ቆጠርኩ፤ ዘጋሁ። በሳጥኑ ውስጥ በዳበሳ አጠብኩት፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ የወጣውን መልሼ አነሣሁት፤ እንደገና አጠብኩት። ወረቀቱ ስላረጀ ጠርዙ ላይ ደመና ገብቶበታል። መሀሉ ግን ንጹሕ ነው።

እርጥቡን ፎቶ ለወለተሐና ሰጠኋት። በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ነፋስ አስመታችው። ከዚያ ቀረብ አድርጋ አየችው።

«አርባ ሰባቱን ምሬዎታለሁ» አለች።

እናትነሽ ቁልፉን አዞረች። በመጀመሪያው ያዘ። እናቷን ከጎኗ አስቀምጣ ወደ ወፍጮው በኩል ነዳች። እኔና ቃለ አብ የሳጥን ካሜራውን ይዘን ወደ ሚኒባሱ መቆሚያ በእግር ወጣን። ድምፁ እስከ መቆሚያው ድረስ ይሰማ ነበር።